ባለቤት ያልነበረው ሜዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የእኛ የምንለው ሐሙስን ብቻ ነበር። ዓርብ የመስጊድ፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ የልብስ አጠባና የገበያ ነው፤ የቀሩት የትምህርት ቤት ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት ግን፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ስትልና ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ትንሽ ሲረግብ፣ እኛ የስድስተኛ ክፍል ሴት ልጆች ቦርሳችንን እቤት ወርውረን ወደ ሜዳ እንበር ነበር። ያ ሰዓት እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ ይመጣል፤ ዘበኛው ውሃ የረጨበት አቧራ፣ ፀሐይ የጠበሰው የኒም ቅጠል፣ ከአጥሩ ውጭ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ የሚንቸሰቸስ ዘይት። የዚያ ዘመን የድሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል።

ሜዳ ስል ሣር እንዳይታያችሁ። አሸዋና ጠጠር ነበር። የወደቀ ሰው ጉልበቱ ሳይላጥ አይነሳም፤ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ የሌላት ልጅ በእኛ ዘንድ እንደ ተጫዋች አትቆጠርም ነበር። ሜዳው የሚገኘው በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ነው። በወዲህ በኩል የእኛ አንደኛ ደረጃ፣ በወዲያ በኩል የትልልቆቹ ሁለተኛ ደረጃ። በመካከል የነበረው የድንጋይ አጥር እኛ ሳንወለድ ፈርሶ ድንጋዩ ለየሰዉ ቤት መሠረት ሆኗል ይባላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሁለቱም ትምህርት ቤቶች የስፖርት ክፍለ ጊዜ እዚያው ነው፤ ከአስር ሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ የወንዶቹ ቡድኖች ይገቡበታል፤ ቅዳሜና እሑድ የሰፈር ቡድኖች ይሻሙበታል፤ ስብሰባ ወይም በዓል ሲኖር ደግሞ ድንኳን ይተከልበታል። ሁሉም ይጠቀምበት ነበር። የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኛም ልጆች ነበርንና ሜዳውን ከነፋሱና ከፀሐዩ ለይተን አላየነውም።

ሐሙስን ያመጣችልን ፈቲያ ናት። ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ፣ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የምትበልጥ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። ሻሿን ከአገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ ታስርና ጎል ላይ ትቆማለች፤ በረኛችን ነበረች። አባቷ አባባ ኢብሮ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል። ከሶማሌ ደንበኛ ጋር በሶማልኛ ይከራከራል፣ ከገጠር ከመጡት ጋር በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ ሲናደድ ግን አማርኛ ነበር። ፈቲያ ከትምህርት ቤት መልስ እርድና ሄል ስለምትመዝንለት እጇ ሁልጊዜ ቢጫ ነው፤ ኳስ ስትይዝ ኳሷም ቢጫ ትሆናለች። እኔ ከባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነኝ፤ አያቴ ከደጋ የመጣው ለባቡሩ ሥራ ነበር። ማታ ስገባ እናቴ ልብሴን ታሸትና "ዛሬም ከኢብሮ ልጅ ጋር ነበርሽ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ለሴቶች የሚባል ሰዓት አልነበረም። አንድ ቀን ፈቲያ እጄን ጎትታ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስገባችኝና፣ ያለ ምንም መግቢያ፣ "እኛስ መቼ ነው የምንጫወተው?" አለችው። ዳይሬክተሩ ሳቀ። "ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው ባዶ ነው። ከቻላችሁ ማን ከለከላችሁ?" አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ድሬ ውስጥ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዶቹ ጫት ይዘው በርጫ ላይ ናቸው፣ መንገዱ ይነድዳል። ዳይሬክተሩ መቀለዱ ነበር። እኛ ግን ወጣን። አሸዋው ጫማ ውስጥ ገብቶ ይለበልባል፣ የጎሉ ብረት ሲነኩት ይፋጃል፤ ፈቲያ እጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትቆም ነበር። በኋላ አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። ያኔ ነው ቲቸር መስፍን ያየን።

ቲቸር መስፍን የስፖርት አስተማሪያችን ነበር። ወጣት ነው፣ ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሰውን ሁሉ "እርስዎ" የሚል። ሳምቡሳ ሻጯን እንኳ "ይስጡኝ" ሲላት ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፦ "አቦ፣ ስንት ሆኜ ታየሁህ? አንድ ነኝ እኮ!" እኛም እንደ ድሬ ልማድ "አንተ ቲቸር" ስንለው መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር፤ ቆይቶ ግን ወደደው መሰለኝ። ሜዳው ላይ ማን መቼ እንደሚጫወት ተራ የሚያስይዘው እሱ ነበር። ማንም አልሾመውም። ቡድኖቹ በተጣሉ ቁጥር ፊሽካውን ይዞ መካከል የሚገባ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ያን ቀን የወደቀችውን ልጅ ተሸክሞ ከጥላ ሥር ካስተኛ በኋላ ብዙ አልተናገረም። በሳምንቱ ግን እሱ ራሱ የሚያሰለጥነውን የወንዶች ቡድን የሐሙስ የአስር ሰዓት ተራ ለእኛ ሰጠን። ወንዶቹ አኮረፉ። ከሁለተኛ ደረጃው የመጡት ትልልቆቹ ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ያፏጩብን ነበር። "ቲቸር፣ ይሄን የመሰለ ሰዓት ለሴት?" ሲሉት "ሐሙስ የእነሱ ነው" ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ምን ያህል ደስ ይሉ እንደነበር ለመናገር ያስቸግረኛል። አባባ ኢብሮ መጀመሪያ ላይ "ሴት ልጅ ብረት መሐል ቆማ ምን ትሆናለች?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ከሌላ ትምህርት ቤት ሴቶች ጋር ስንጋጠም፣ ከአጥሩ ጥግ ከኒሙ ሥር ተደብቆ አየሁት። ፈቲያ ፍጹም ቅጣት ምት ስትመልስ ኮፊያውን ከራሱ ላይ አውልቆ ወደ ላይ ወረወረው። ከዚያ ሰው እንዳያየው ወዲያው አንስቶ አቧራውን አራገፈና ቀስ ብሎ ወጣ። ፈቲያ ሁሉንም አይታ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ ስብሰባ በሜዳው ላይ ተደረገ። ድንኳንና የድምፅ ማጉያ የጫኑት መኪኖች መግቢያ ስላጡ፣ በሁለተኛ ደረጃው በኩል ያለው ጎል ሲሚንቶው ተሰብሮ ተነቀለና ከአጥሩ ሥር ተጋደመ። ስብሰባው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ መኪኖቹ ሄዱ። ጎሉን ወደ ቦታው የመለሰ ግን አልነበረም። ቅዳሜ ሲደርስ የሰፈር ቡድኖች ጨዋታ ነበራቸውና ልጆቹ ተሸክመው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙት፤ ሲሚንቶ ስላልነበራቸው ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቁበት። ጎሉ ቆመ። ከሩቅ ለሚያየው እንደ ድሮው ነበር።

ቲቸር መስፍን ሰኞ ጠዋት በእጁ ገፋ ሲያደርገው ተነቃነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ጎል እንዳንጠጋ ከለከለን፤ ልምምዳችን ሁሉ በእኛ ትምህርት ቤት በኩል ባለው ጎል ሆነ። እሱም ጎሉን የሚያስጠግን ሰው ፍለጋ ጀመረ። የእኛ ዳይሬክተር "ያኛው ጎል በሁለተኛ ደረጃው በኩል ነው፤ እነሱን ጠይቅ" አለው። የሁለተኛ ደረጃው "የሚጠቀሙበት የእናንተ ልጆች ናቸው" አለው። ቀበሌው ስብሰባውን የጠሩትን ጠይቅ አለ፤ እነሱ ደግሞ ከተማውን ለቀው ሄደዋል። ስፖርትን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደግሞ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ሜዳ እኛን አይመለከትም ብሎ መለሰው። የሰፈሩ ልጆች ጭራሽ ተቀየሙ፤ "ያቆምነው እኛ፣ ልንመሰገን ሲገባን!" እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ቲቸር ከየቢሮው ሲመለስ ሳምቡሳ ሻጯ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሲነግራት ስለምንሰማ ነው። ለእናቴ ስነግራት "ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም" አለች። እኔም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። 

ከዚያ የሁለተኛ ደረጃዎቹ ውድድር ደረሰ። ወንዶቹ በየቀኑ መለማመድ አለባቸው ተባለ። ሐሙስን ሙሉ በሙሉ ይወስዱብናል ብለን ስንፈራ ሁለቱ ዳይሬክተሮች ተነጋግረው ሜዳው ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ይከፈል አሉ። ደህናው ጎል ያለበት ግማሽ ለተወዳዳሪዎቹ፣ ያኛው ለእኛ። ቲቸር መስፍን እቢሮ ገብቶ ሲጮህ ሰማነው፤ ሲጮህ የሰማነው ያኔ ብቻ ነው። ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል። በዚያው ቀን ከዘበኛው መዶሻ ተውሶ በጎሉ ግርጌ ተጨማሪ ድንጋይ ሲጠቀጥቅ ዋለ። ከዚያ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ደጋግሞ ገፋው። "እንግዲህ ማንም እንዳይደገፈው፣ ማንም እንዳይንጠለጠልበት" አለን። እኛም አልተንጠለጠልንም። ይህን እዚህ ላይ አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። አልተንጠለጠልንም።

ያ ሐሙስ ነፋስ ነበረው። ድሬን የሚያውቅ ያን ነፋስ ያውቀዋል፤ ከወንዙ አሸዋ እያፈሰ ዓይን ውስጥ የሚዘራውን። ኳስ ወደ ጎል እየመታን ነበር። የመጨረሻዋን ኳስ የመታችውን ልጅ ስም አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ እዚሁ ከተማ ትኖራለች፣ ጥፋትም የለባትም። ጥሩ ምት ነበር። ኳሷ አግዳሚውን መታችና ወደ ላይ ነጠረች፤ ሁላችንም "ዋ!" ብለን ጮህን። ፈቲያ ወደ ኳሷ ቀና ስትል እየሳቀች ነበር። ያን ጊዜ ከሥሩ የድንጋይ መንሸራተት ሰማሁ። ጎሉ እንደሚሰግድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ዘነበለ። መሮጥ ትችል ነበር፤ ግን በረኛ ነበረች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ልትይዘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አልናገርም። ቲቸር መስፍን ከሜዳው ወገብ ላይ ሮጦ መጣ። ያን ብረት ስንት ሰው ሆኖ የተሸከመው ነበር፤ እሱ ብቻውን አነሳው። የመዳፉ ቆዳ ተልጦ ብረቱ ላይ ቀረ። ትልልቆቹ ወንዶች ባጃጅ አስቁመው ፈቲያን አስገቧት፤ ሲያፏጩብን ከነበሩት አንዱ ጭንቅላቷን በጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ሻሿ አሸዋው ላይ ቀርቶ ነበርና አንስቼ እየሮጥኩ ተከተልኩ፤ ባጃጁ ግን ፈጠነብኝ። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቀበሯት። እኛ ሴቶቹ ከእናቷ ጋር እቤት ቀረን። እናቷ አታለቅስም ነበር። የፈቲያን ሻሽ ከእጄ ተቀብላ አሸዋውን ቀስ እያለች ታራግፍ ነበር፤ አሸዋው ካለቀ በኋላም ማራገፏን አላቆመችም።

ለቅሶው ሳያልቅ ወሬው ተነሳ። ዘበኛው ከሩቅ ሆኖ አይቶ ነበር፤ እጆቿ ወደ ላይ ተዘርግተው ብረቱን ሲነኩ። "ተንጠልጥላ ነበር" አለ። ሰውዬው የዋሸ አይመስለኝም፤ ከእሱ ቦታ ሲታይ እንደዚያ ነው። ወሬው ግን ለብዙ ሰው ተስማማ። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማው ሁሉ "ጎል ላይ ተንጠልጥላ የሞተችው ልጅ" ይላት ጀመር። ቀፊራ ውስጥ አንዷ ሴት ለአባቷ "ልጆች መቼ ይሰማሉ፣ አላህ ያጽናህ" ብላ አጽናናችው። አባባ ኢብሮ ሚዛኑን አስቀምጦ ሱቁን ዘጋ። እኔ ቤት መጥቶ ከደጃፍ ቆሞ ጠራኝ።

"ቲጂ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ተንጠልጥላ ነበር?"

"አልተንጠለጠለችም፣ አባባ ኢብሮ። ልትይዘው ነው።"

"ወላሂ በይ" አለኝ። ክርስቲያን መሆኔን የረሳ መሰለኝ። "ወላሂ" አልኩት።

ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጠራ። ከክፍሎቻችን በአንዱ፣ እኛ በምንቀመጥባቸው ዴስኮች ላይ፣ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሁለቱ ዳይሬክተሮች ነበሩ፣ ከቀበሌ የመጣ ሰው ነበር፣ የሰፈር ሽማግሌዎችና ወላጆች ነበሩ። ዘበኛው ያየውን ተናገረ። የሁለተኛ ደረጃው ዳይሬክተር፣ ሐዘኑ ከባድ መሆኑን፣ ሆኖም ልጆችን መምከር የቤተሰብም ድርሻ መሆኑን ተናገረ። የእኛው ዳይሬክተር ወደፊት ሜዳውን በሚመለከት የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እንደሚያደርግ ተናገረ። "የሚመለከተው አካል" የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ልጅ ስለነበርኩ እውነተኛ ሰው መሰለኝ፤ በሩ ላይ ቆሞ ይሆናል ብዬ ዞር ብዬ አየሁ።

ከእናቴ ጎን ተነስቼ ቆምኩ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተች፤ አልተቀመጥኩም። "ፈቲያ አልተንጠለጠለችም" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ከቀበሌ የመጣው ሰው በርኅራኄ አየኝና "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ደንግጠሻል፤ ተቀመጪ" አለኝ። "አልተንጠለጠለችም። ሲወድቅባት ልትይዘው ነው" አልኩ እንደገና።

ቲቸር መስፍን ከኋላ፣ ከግድግዳው ተደግፎ፣ ሁለት እጆቹን በፋሻ ጠቅልሎ ቆሞ ነበር። "ልጅቷ ያለችው እውነት ነው" አለ። "እኔም ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ፈቲያ ምንም አላጠፋችም። ጎሉ እንደማይጸና አውቅ ነበር፤ በድንጋይ ይይዛል ብዬ አስገባኋቸው። ሰዓቱ የእኔ ነበር፣ ልጆቹ የእኔ ነበሩ። ጥፋት ከተፈለገ የእኔ ነው።"

 ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም፤ የብዙዎቹ ትከሻ ዝቅ አለ። እፎይ አሉ። ጎሉ ያለማንም ፈቃድ ሲነቀል፣ እሱ በየቢሮው ሲመላለስ፣ ሜዳው ለሁለት ሲከፈል የነበረው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተረሳ፤ ባለ ጥፋት ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ውስጥ አንድ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ የተናገረ የለም። በማግስቱ ቲቸር መስፍን ከሥራ ታገደ፤ በሳምንቱ ፖሊስ ወስዶ አሰረው።

ፖሊስ ጣቢያ የሄደው አባባ ኢብሮ ነው። እናቴ ለእስረኛው ምግብ ይዛ ሄዳ ስለነበር ሁሉንም በጆሮዋ ሰምታለች። ፖሊሱ ከሳሽ እሱ መሆኑን ሊያስረዳው ሲሞክር፣ አባባ ኢብሮ እየጮኸ፣ ያውም በአማርኛ፣ "እኔ የምፈልገው ሰው ይሄ አይደለም!" አለ። "ይሄማ ልጄን ሊያድን እጁን የላጠ ነው። እኔ የምፈልገው ሜዳው የኔ ነው የሚለውን ነው። አንድ ሰው ይምጣና የኔ ነው ይበል፤ ይቅር እለዋለሁ። ወላሂ ይቅር እለዋለሁ። ብቻ ይበል!" ቲቸር መስፍን ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። 

ከጊዜ በኋላ ፈቱት። ወደ ሥራው ግን አልመለሱትም፤ በዋሂል በኩል ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት እኛን ሊሰናበት ወደ ክፍላችን መጣ። የእጁ ቁስል ድኖ ቆዳው እንደ ወረቀት ሣሥቶ ነበር። በየተራ ጨበጠን። እኔ ጋ ሲደርስ "አመሰግናለሁ" አለኝ፤ ለምን እንዳመሰገነኝ አልገባኝም ነበር። እዚያ የሚያስተምረው ሒሳብ ነው ሲባል ሰማን። ስፖርት ስጡኝ አላለም።

አባባ ኢብሮ ግን አልተወም። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ካሳ የሚለው ቃል ሲነሳ ይቆጣ ነበር። ሜዳው የማን ነው ብቻ ነው የሚለው። አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ሌላው ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ይህ ወራት ፈጀ። እኛ ሰባተኛ ክፍል ገባን። የወደቀው ጎል እዚያው ወድቆ ዝጎ ነበር፤ ደህና የተባለው ጎልም፣ ወንዶቹ ሲጫወቱበት፣ ከሥሩ ሲሚንቶው መሰንጠቁን ሁላችንም እናይ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ሳለን፣ በመስኮቱ አባባ ኢብሮን አየሁት። ጋሪ አስቁሞ ሲሚንቶና አሸዋ እያወረደ ነበር፤ ሁለት የቀን ሠራተኞች አካፋ ይዘው ተከትለውታል። ደህናው ጎል ግርጌ ሄዶ በጣቱ አሳያቸው፤ መቆፈር ጀመሩ። ዘበኛው ሮጠ። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ሮጠ። አስተማሪያችን ሊያየው ወደ በሩ ሲወጣ እኛም ግር ብለን ወጣን።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለው ዳይሬክተሩ እያለከለከ። "በማን ፈቃድ ነው የምትቆፍረው? ይሄ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም!"

አባባ ኢብሮ አካፋውን ከሠራተኛው እጅ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ፊቱ በራ። በቀልድ አይደለም፤ በእውነት የበራ መሰለኝ።

"የማን ነው አልክ?"

ዳይሬክተሩ ራሱ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ገባው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ አባባ ኢብሮ። "ሰማችሁ አይደል፣ ልጆች? የትምህርት ቤቱ ነው።" ከዚያ ሲሚንቶው ከረጢት ላይ ቁጭ አለና ኮፊያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልክ እንደ ልጁ። የሚስቅ መስሎን ነበር። ሠራተኞቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ቆሙ። ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ሰውዬው ትከሻ ዘረጋና ሳያሳርፈው መለሰው። "ለሚመለከተው አካል አሳውቃለሁ" አለ ዝግ ባለ ድምፅ፤ ራሱም ያፈረበት ይመስላል። ሲሚንቶው ሜዳው ዳር ቀረ። በመጀመሪያው ዝናብ ረጥቦ ደነደነ።

መፍትሔው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጣ፤ ጎሎቹ ተነሱ። ሁለቱም ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ገዢ ሄዱ። ወንዶቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከምረው ይጫወቱ ጀመር። የሴቶች ሐሙስ የሚባለውን ያስታወሰ የለም፤ ሰዓቱን ሌላ ቡድን ወሰደው፤ እኛም አልጠየቅንም። ያለ ፈቲያ ማን ቢሮ ይገባል? ያለ ቲቸር መስፍንስ ማን ይመልስልናል?

ዛሬም ድሬ ውስጥ ነው የምኖረው፤ ሳቢያን ሰፈር። አባባ ኢብሮ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑት፤ ሱቁን ወንዶቹ ልጆቹ ያዙት። በሕይወት ሳለ ልጄን ይዤ ቅመም ልገዛ ስሄድ ከማሰሮው ቴምር አውጥቶ በእጇ ያስይዛት ነበር። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ይጠይቃታል፣ ቁርኣን ቤት እንደምትቀራ ሁሉ "ጎበዝ ሁኚ" ይላታል። ኳስ ትጫወት እንደሆነ ግን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም በረኛ መሆኗን ነግራው አታውቅም።

የልጄ ትምህርት ቤት ሜዳ ከእኛው ጋር አይወዳደርም። የፕላስቲክ ሣር አለው፣ ዙሪያውን በሽቦ ታጥሯል፣ መብራት አለው። የሴቶች ቡድን ቀልድ አይደለም፤ በጀርባቸው ስማቸው የተጻፈበት ማሊያ ይለብሳሉ፣ አባቶቻቸው ሳይደበቁ መጥተው ይጮሁላቸዋል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ፈቲያ ብታይ ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም የእኛ ሜዳ በር አልነበረውም፤ የደሃው፣ የሀብታሙ፣ የሶማሌው፣ የአማራው ልጅ ዝም ብሎ ይገባበት ነበር። የዛሬው ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሰዓት ይከራያል፤ ደጅ የቀሩት ልጆች ጣታቸውን በሽቦው አሾልከው ያያሉ። የጉልበት ጠባሳም የለም። ልጄ የእኔን እያየች "እማ፣ ይሄ ሁሉ በኳስ ነው?" ትለኛለች።

ቡድኑ ውስጥ የገባች ጊዜ አሰልጣኟን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ትሑት፣ ደህና ልጅ ነው። "እነዚህን ጎሎች የሚያያቸው ማን ነው?" አልኩት።

"አብሽሪ፣ አታስቢ፣ ኃላፊ አለው" አለኝ።

"ማን?"

ትንሽ አሰበ። "የሚመለከተው አካል አለ" አለኝ ፈገግ ብሎ፤ ከዚያ ልጆቹን ሊያሰልፍ ሄደ።

ቋሚውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። በሙሉ ክብደቴ ገፋሁት። ጠንካራ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሌሎቹ እናቶች እየተሳሳቁ ያዩኝ ነበር።

ጨዋታ ሲኖር ለወላጆች ጥላ ያለው መቀመጫ ተሠርቷል፤ ቀዝቃዛ ውሃም አለ። እኔ ከልጄ ጎል ኋላ፣ ከብረቱ አንድ ክንድ ርቄ፣ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። ልጄ በየመካከሉ ዞር ትልና "እማ፣ አቦ ሂጂ ተቀመጪ፤ ታሳፍሪኛለሽ" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ከጥላው ሥር ሆነው ይጠሩኛል፤ እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ ከዚያ ቦታ አልነቃነቅም።